አፉ ላይ የንብረት ቁጥር የተለጠፈበት ሕመምተኛ

ለክቡር አቶ ሰውአገኝ ምንይችል
የኮሌጃችን የንብረት አስተዳደርና ጠቅላላ አገልግሎት ዳይሬክተር
ጎንደር

ጉዳዩ፦ የማስተማሪያውን የጎማ ሰው (ማኒኪኑን) በአስቸኳይ እንድመልስ ለተጻፈልኝ ማስጠንቀቂያ የቀረበ፣ በአክብሮት የተሞላ እምቢታ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ሙሉ ጤና፣ ሰላማዊ እንቅልፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያልተቋረጠ ትንፋሽ እመኝልዎታለሁ። ሌላው ምኞት ሁሉ ከትንፋሽ በኋላ የሚመጣ መሆኑን ሙያዬ አስተምሮኛል። የተከበረው ቤተሰብዎ፣ ጸሐፊዎ፣ እንዲሁም ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት የቆመው ባለ መስታወት ቁም ሣጥን እንደምን ሰንብተዋል? ቁም ሣጥኑ ሰሞኑን ባዶውን እንደሚውል ሰምቻለሁ፤ ባዶ ያደረግሁትም እኔ ስለሆንሁ ሐዘንዎን ከማንም ይልቅ እካፈላለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ሐረገወይን ሐብተ ማርያም እባላለሁ። የሰመመን ሕክምና ባለሙያ ነኝ፤ ሰው ለቀዶ ሕክምና ሲተኛ ትንፋሹን በአደራ ተቀብዬ ሲነቃ እመልስለታለሁ። በኮሌጁም ለሕክምና ተማሪዎች መተንፈስ ያቃተውን ሰው እንዴት እንደሚያተርፉት አስተምራለሁ፤ አገጭ እንዴት እንደሚነሳ፣ ጭምብል ፊት ላይ እንዴት እንደሚያዝ፣ ቱቦ በጉሮሮ እንዴት እንደሚያልፍ። የዘንድሮዎቹ ተማሪዎቼ ከፋሲካ በኋላ ወደ ደጋ ወረዳዎች ይመደባሉ። እዚያ ከጎናቸው የሚቆም እንደ እኔ ያለ ባለሙያ አያገኙም፤ ትንፋሹ የቆመ ሰው ሲመጣላቸው ያላቸው የገዛ እጃቸው ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያዎ ደርሶኛል። ለጋሾቹ እንግዶች ለጉብኝት ከመምጣታቸው በፊት ማኒኪኑን ወደ ቦታው ካልመለስሁ ጉዳዩ ለፖሊስ እንደሚተላለፍና እኔም ከሥራ እንደምሰናበት በሚያምር አማርኛ ተገልጿል። መልሴ አጭር ነው፤ አልመልስም። ይህን ብቻ ጽፌ ብልክ ግን ለማዕረግዎ የማይመጥን ብልግና ስለሚሆን፣ ምክንያቴን እርስዎ እንደሚወዱት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። በአደባባይ የጻፍሁትም ከዚህ ቀደም በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው ደብዳቤዎች እዚያው መዝገብ ቤት አርፈው ስለቀሩ ነው።

፩. ማኒኪኑን ስላከበሩልን

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግንዎት ማኒኪኑን ከተማሪ እጅ ስላዳኑት ነው። ለማያውቁት፣ ይህ ማኒኪን ከወገብ በላይ ብቻ ያለ የጎማ ሰው ነው። አንገቱ ይቃናል፣ አገጩ ይነሳል፤ በትክክል ሲነፉለት ደረቱ ከፍ ይላል፣ ሲሳሳቱ ሆዱ ይነፋል። የተሠራው ተማሪ እንዲሳሳትበት ነው። ጠዋት ቢገድሉት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለመሞት ዝግጁ ነው፤ እንዲህ ያለ ታጋሽ ሕመምተኛ በየትም አይገኝም። ለጋሾች ከሩቅ አገር ሲያመጡልን እርስዎ ሪባን ቆርጠው ተቀበሉት፣ ፎቶግራፍ ተነሱ፣ ወዲያው ወደ ቁም ሣጥኑ አስገብተው ቆለፉበት፣ ቁልፉንም ኪስዎ ከተቱት።

ጎንደር ያደገ ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋልና ብዙ አልፈርድብዎትም። በየሳሎናችን ቡፌ አለ፤ በቡፌው ውስጥ ለእንግዳ የተቀመጠ ብርጭቆ አለ፤ እንግዳ ሲመጣም «ይሰበራል» ይባልና በሌላ ይቀዳለታል። ብርጭቆው ሳይነካ ባለቤቶቹ ያረጃሉ፣ ልጆቹም ሳይነካ ይወርሱታል። ልዩነቱ፣ ብርጭቆ ሳይጠጣበት ስለቀረ የሞተ ሰው አለመኖሩ ነው።

ተማሪዎቼ በእረፍት ሰዓት መስታወቱ ፊት ቆመው ያዩት ነበር። ጎልማሳ ስለሚመስል፣ በአገራችንም ታላቅን በባዶ ስሙ መጥራት ነውር ስለሆነ፣ «አያ ቢሻው» ብለው ስም አወጡለት። ሲያልፉ ሰላምታ ይሰጡታል፣ በፈተና ሰሞን አንዳንዶቹ ይሳለሙታል። ከዚህ ያለፈ ትምህርት አልተፈቀደላቸውም።

፪. ስለ ንብረት ቁጥሩ

በንብረት ቆጠራ ጊዜ ሠራተኞችዎ ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት በወንበሩ ጀርባ፣ በጠረጴዛው እግር፣ በቆሻሻ ቅርጫቱ ሳይቀር ለጥፈው ሲያበቁ አያ ቢሻው ዘንድ ደረሱ። ግንባሩ ላይ ቢለጥፉት የእንግዳ ዓይን ያስቀይማል፣ ደረቱ ላይ አይይዝም ተባለና አፉ ላይ ለጠፉበት። አቧራም አይገባበትም ብለው ተደሰቱ። የትንፋሽ መንገድ ማስተማሪያ ተብሎ የመጣውን ሰው አፉን አሽጎ የሚያስቀምጥ ኮሌጅ ከኛ በቀር መኖሩን አልሰማሁም፤ ስለዚህ ኩራት ይሰማኛል። በዚህ ጉዳይ የምጨምረው የለኝም።

፫. ስለ በግ ጉሮሮ

ማኒኪኑ ሲከለከለን ሥጋ ቤት ሄድሁ። ከነምላሱ በጥንቃቄ የተቆረጠ የበግ ጉሮሮ ለትምህርት ሸጋ ነገር ነው፤ የምግቡና የአየሩ መንገድ የት ላይ እንደሚለያዩ ዓይን ያይበታል፣ ቱቦው በየትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ እጅ ይማርበታል። የአምና ተማሪዎቼንም የዘንድሮዎቹንም በዚህ አስተማርሁ። ዘንድሮ ግን ዐቢይ ጾም ሲገባ የክርስቲያኖቹ ሥጋ ቤቶች ተዘጉ። ረመዳን ከሁዳዴ ጋር ገጥሞ ነበርና ወደ ዐብዱረሕማን ሥጋ ቤት ሄድሁ፤ እሱ ለማፍጠሪያ ያርዳል። ሥጋውን ትቼ ጉሮሮውን ስጠይቀው ቢላዋውን አስቀምጦ «ለምንሽ ነው?» አለኝ። ነገሩን ሳስረዳው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምላሱ ሥር አስተካክሎ እየቆረጠ ያቆይልኝ ጀመር።

ክፍል ውስጥ ሌላ ጣጣ ገጠመኝ። ዝማሬ የምትባል የጃናሞራ ቄስ ልጅ፣ ከተማሪዎቼ ሁሉ ትጉ የሆነችው፣ ጓንት አጥልቃ ከቆመች በኋላ እጇን መለሰች። ጊዜው ጾም ነው፣ እርዱ የሙስሊም ነው፤ ልጅቱ ተጨነቀች። አጠገቧ የቆመው ኡዘይር፣ የከተማችን ነጋዴ ልጅ፣ «እኔስ ዓመቱን ሙሉ በክርስቲያን እርድ ስማር አንድ ቀን ተናግሬያለሁ? እኔ የመጣሁት ልማር ነው እንጂ ልበላው ነው እንዴ?» አላት። ክፍሉ ሳቀ። ዝማሬ ግን አልሳቀችም፤ ወጥታ ለአባቷ ደወለች። ስትመለስ ቄሱ ያሏትን ነገረችን፤ «ጾም የሚፈርሰው በአፍ ነው ልጄ። ሰው ለማዳን የተነካ ሥጋ አያረክስሽም፤ ተማሪ።» ከዚያ ቱቦውን አንስታ በመጀመሪያ ሙከራዋ አስገባችው።

ቤተ ክህነት የፈቀደውን የከለከለው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው። በማግስቱ በር ላይ ቦርሳዬ ተፈተሸ። ጥበቃው አያ ፋንታሁን ፌስታሉን ገልጠው ሲያዩ «ምነው ሲስተር፣ በሁዳዴ?» ብለው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። እኚህ ሽማግሌ የታዘዙትን ሠሩ እንጂ አልበደሉኝም። እርስዎ ግን በዚያው ሳምንት «በጾም ወቅት ሥጋ ወደ ግቢ በማስገባት የማኅበረሰቡን ስሜት ጎድተሻል» የሚል ደብዳቤ ጻፉልኝ። ለማኅበረሰቡ ስሜት ያለዎትን ጭንቀት አደንቃለሁ። ማኅበረሰቡ ከስሜቱ ሌላ ሳንባ እንዳለውም በዚሁ አጋጣሚ ላስታውስዎት እወዳለሁ።

፬. በሕመምተኛ ላይ እንዲለማመዱ ስለ ሰጡን ምክር

በስብሰባ ላይ «ሆስፒታሉ በሕመምተኛ ተሞልቶ ሳለ አሻንጉሊት ምን ያደርግላችኋል?» ብለው የጠየቁትን አልረሳሁትም። ብዙዎች ሳቁ። እርስዎ ሕመምተኛ የሚሉት እኮ ከአምባ ጊዮርጊስ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ የመጣ፣ ጋቢውን አጣጥፎ ለልጁ ሰጥቶ አልጋው ላይ የተጋደመ ገበሬ ነው። ሐኪም ሁሉ አዋቂ ይመስለዋል። በአንገቱ ላይ የሚያርፈው እጅ በሕይወቱ የሰው አገጭ ይዞ የማያውቅ መሆኑን ማንም አይነግረውም። እንግዲህ በእርስዎ ሥርዓት ጎማው እንዳይጎዳ በመስታወት ይታጠራል፣ ገበሬው ግን ለጀማሪ ይሰጣል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት የሚባለው ይኸው ነው።

ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ለልምምድ የምወስዳቸው ተማሪዎች አሉ፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ፣ በልኩ፣ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ከተለማመዱ በኋላ። መጀመሪያ የሚለማመዱበት ሌላ ቦታ የቱ ነው ቢሉ፣ ቁልፉ እርስዎ ኪስ ውስጥ የነበረው ነው።

፭. ስለ ሃና

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ይደክማልና ይታገሱኝ።

የበግ ጉሮሮ አንድ ነገር አያስተምርም። በግ የሰው ፊት የለውም። ጭምብል በበግ አፍ ላይ አይገጥምም፤ አገጩንም ይዞ ማንሳት አይቻልም። ይህን የሚያስተምር አንድ ነገር ብቻ ነበረን፤ አፉ ታሽጎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

ሃና የአምና ተመራቂያችን ናት። በጽሑፍ ፈተና የሚቀድማት አልነበረም። የተመደበችበትን የደጋ ሆስፒታል ስም አልጠራም፤ ብጠራው ጥፋቱ የሆስፒታሉ ይመስላል፣ ጥፋቱ ግን ያስመረቃት ቤት ነው። በሁዳዴው አጋማሽ ደውላልኝ እያለቀሰች ነገረችኝ። ይመኙሽ የምትባል እናት በሰላም ከተገላገለች በኋላ አንቀጠቀጣት፣ ራሷን ሳተች፣ ትንፋሿ ቆመ። ሃና በእጅ የሚጨመቀውን አየር መንፊያ አንስታ ጭምብሉን የእናቲቱ ፊት ላይ አደረገች። ማድረግ ያለባትን በቃሏ ታውቀው ነበር። እጇ ግን አያውቀውም። ጭምብሉን ወደ ፊቷ ተጫነችው እንጂ አገጯን ወደ ጭምብሉ አላነሳችውም፤ አንገቷ ታጠፈ፣ ምላሷ ወደ ኋላ ወደቀ፣ የምትነፋው አየር ሁሉ በጉንጯ በኩል ወጣ። በነፋች ቁጥር ድምፁ ይሰማታል። ደረቷን እያየች ነፋች፣ ደረቷ አልተነሳም። ምን እንደተሳሳተች የገባት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ሕፃኑ ተርፏል። የይመኙሽ ባል መሞቷ ሲነገራቸው መጀመሪያ ያደረጉት ወደ ሃና ሄደው ትከሻዋን መያዝ ነበር። «አይዞሽ ልጄ፣ አንች ምን ታደርጊ። ሸጋ አርገሽ ደክመሽላታል፤ ያላለላት ናት» አሏት። ሃናን ያስለቀሳት ይህ ነው። ሰውየው ቢሰድቧት ይቀላት ነበር። ክቡር ሆይ፣ እኔም ይህን ስሰማ አለቀስሁ፤ ከዚያ ተናደድሁ፤ አሁንም እንደተናደድሁ ነው። «ያላለላት ናት» የሚለው ቃል ለእግዚአብሔር የተባለ ነው። እርስዎና እኔ ከኋላው እንድንደበቅበት አልተባለም።

ይህን ይዤ ቢሮዎ መጣሁ። ማዘንዎን ገለጹልኝና ኮሚቴ አቋቋሙ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ኮሚቴው ግን ይህንንም በቅጡ አልጮኸም። ተሰብስቦ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ለመጪዎቹ እንግዶች ሲባል የቁም ሣጥኑ መስታወት እንዲወለወል ወስኖ ተበተነ።

፮. ስለ ስርቆቱ

ውሳኔያችሁ ተግባር ላይ በዋለበት ቀን የጽዳት ሠራተኞች ቁልፉን ከእርስዎ ተቀብለው መስታወቱን ሊወለውሉ ከፈቱት። እኔ እዚያ ነበርሁ፤ መገኘቴም በድንገት አልነበረም። አያ ቢሻውን አንስቼ በጋቢዬ ጠቀለልሁና ታቅፌው በዋናው በር ወጣሁ። አያ ፋንታሁን በር ላይ ነበሩ። ሥጋ ነበር የሚፈልጉት፤ ሰው ታቅፎ ስለ መውጣት የተሰጣቸው መመሪያ ስለሌለ «ምሕረት ያውርድለት» ብለው አሳለፉኝ።

ወደ ማራኪ ሰፈር የሚሄድ ባጃጅ ያዝሁ። አጠገቤ አንዲት አዛውንት ተቀምጠው ነበር። «ምን አገኘው?» አሉኝ። ትንፋሽ አጥሮት ነው አልኋቸው። እጃቸውን በጋቢው ውስጥ አስገብተው ግንባሩን ዳሰሱና «ምነው ልጄ፣ ቀዝቅዟል እኮ!» ብለው ደነገጡ። መዋሸት አልወድምና፣ ሰዎች መስታወት ውስጥ ቆልፈውበት፣ አፉንም ለጉመውት ኖረው ዛሬ ገና ማውጣቴ መሆኑን ነገርኋቸው። አዛውንቷ እስከ ማራኪ ድረስ አንድ እጃቸውን ከአያ ቢሻው ግንባር ሳያነሱ መረቁት፤ ያንን ያደረገበትን ሰው ደግሞ ስሙን ሳያውቁ ረገሙት። ምርቃቱን ለአያ ቢሻው አድርሻለሁ፤ እርግማኑ ግን የእርስዎ ድርሻ ስለሆነ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ።

አያ ቢሻው አሁን ማራኪ፣ ለተማሪዎች ክፍል በሚያከራዩት በወይዘሮ ዐዚዛ ሳሎን ውስጥ ይገኛል። ወይዘሮዋ ምንጣፋቸውን ለቀውልናል፤ ጫማ አውልቆ መግባት ብቻ ነው ግዴታው። ወረቀቱን ከአፉ ላይ በለብ ባለ ውሃ አላቀቅሁለት። ተማሪዎቼ በየተራ ራስጌው ይንበረከካሉ፣ አገጩን ያነሳሉ፣ ይነፋሉ። መጀመሪያ የነፉት ሁሉ ሆዱን ነፉት። አየሩም በጉንጩ ወጣ፤ ያ ሃና የነገረችኝ ድምፅ በሳሎኑ ሲሰማ ተነስቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ስመለስ የማንንም እጅ አላስተካከልሁም፤ ራሳቸው እስኪሰማቸው ተውኋቸው። ኡዘይር ጭምብሉን መጫን ትቶ አገጩን ሲያነሳ፣ የአያ ቢሻው ደረት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ጮኹ፤ ወይዘሮ ዐዚዛ ሰው የሞተ መስሏቸው ከጓዳ እየሮጡ መጡ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እምቢታዬን በግልጽ ላስቀምጥ። ከተማሪዎቼ መካከል ያን ደረት ማንሳት ያልቻለ አንድ ሰው እስካለ ድረስ አያ ቢሻው ከማራኪ አይነሳም። ፖሊስ ይላኩ፤ አድራሻውን ከላይ ጽፌልዎታለሁ፣ ጫማቸውን አውልቀው ይግቡ። የሚመጡት ፖሊሶች ቢፈልጉ ተራ እንሰጣቸዋለን፤ መንገድ ላይ ትንፋሹ የቆመ ሰው ከሐኪም በፊት የሚያገኘው ፖሊስ ነውና ትምህርቱ አይባክንም። ከሥራ ካሰናበቱኝም ጥሩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለማስተማር ጊዜ አገኛለሁ። እንግዶችዎ ሲመጡ ባዶውን ቁም ሣጥን ከማሳየት ወደ ወይዘሮ ዐዚዛ ሳሎን ይዘዋቸው ይምጡ። ያመጡት ዕቃ ሲሠራበት ያያሉ፤ ይህን የትም አገር ሄደው እንዳላዩት እገምታለሁ።

ከዚህ በኋላ እንዲመለስ ከተፈለገ እመልሰዋለሁ፤ ቁልፍ በሌለው፣ ተማሪ በፈለገ ጊዜ በሚገባበት ክፍል። ወደዚያ ቁም ሣጥን ግን አይመለስም።

ለሥልጣንዎ ከፍ ያለ አክብሮት፣ ለአጠቃቀሙ ከፍ ያለ ሐዘን ይዤ፣ እግዚአብሔር ዕድሜዎን እንዲያረዝመው፣ በዕድሜዎም ውስጥ አንድ ቀን የሰው አገጭ ማንሳት እንዲያስፈልግዎ ሳይሆን ማንሳት የሚያውቅ ሰው አጠገብዎ እንዲገኝ ከልቤ እየጸለይሁ፣

በማራኪ ወንጀለኛ፣ በክፍል ውስጥ መምህርት፣
ሐረገወይን ሐብተ ማርያም

ግልባጭ፦
ለኮሌጁ ተማሪዎች በሙሉ
ለአያ ፋንታሁን፣ በር ላይ (ለወደፊቱ ማንም ጋቢ የያዘ ሰው እንዲፈትሹ)
ለዐብዱረሕማን ሥጋ ቤት፣ ከምስጋና ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ንብረቱ ደኅንነት ስለሚጨነቁ አንድ ጉዳት ሪፖርት ማድረግ ይገባኛል። የአያ ቢሻው ሁለት የፊት ጥርሶች ተሰብረዋል። የሰበረቻቸው ዝማሬ ናት፤ ቱቦውን ለማስገባት የጉሮሮ መክፈቻውን ብረት ስታስገባ ወደ ላይ በማንሳት ፋንታ ጥርሱ ላይ ተደገፈችበት፤ ተሰበሩ። አለቀሰች። «አያ ቢሻውን አጎደልሁት» አለች። ደግማ እንድትሞክር አደረግኋት፣ ደግማም ደግማም ሞከረች፤ አሁን ጥርስ ሳትነካ ታስገባለች። ከፋሲካ በኋላ የምትመደበው ወደ አገሯ ወደ ጃናሞራ ነው። እዚያ የሚጠብቃት ቀጣዩ አፍ የጎማ አይደለም፤ የአንድ ሰው እናት ነው። የሁለቱን ጥርሶች ዋጋ ከእኔ ይጠይቁ፤ የይመኙሽን ግን ከማን እንደምጠይቅ ይጻፉልኝ።